ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት

ኦይታ ቮልሷን የወረሳት ከአጎቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮ ተገትራ ዶሮ ሲያድርባት ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የምትሠራው በስድስት ቮልት ነው፤ የስድስት ቮልት ባትሪ ደግሞ እንኳን አርባ ምንጭ፣ ሻሸመኔም ጠፍቷል።

በሰማንያ ስምንት ጥር ላይ ድንገት ኤሌክትሪሺያን ይዞ መጣ።

«ወደ አሥራ ሁለት ትቀየራለች» አለ። «እሑድ ጠዋት መነሳት አለባት።»

«ወዴት?» አለች ሚስቱ ጌጤ፣ ሕፃን ልጇን ካሌብን እያጠባች።

«አዲስ አበባ። ጉዳይ አለኝ።»

«አውቶቡስ ሞልቶ?»

«የቅዳሜው ትኬት አልቋል፤ የእሑዱ መንገድ ያድራል። ሰኞ ጠዋት እዚያ መገኘት አለብኝ።»

ይህን ሲል ዓይኗን አላያትም።

ጌጤ ደግሞ ዝምታ ትፈራለች። በዚያ ቤት ለምታጠባ ሴት ክፉ ነገር አይነገርም። የወንድሟን ሞት እንኳ የሰማችው ከተቀበረ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ አማቷ «ወተቷ ይደርቃል» ብለው የሰፈሩን አፍ ሁሉ አዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሰው ድምፁን ዝቅ ካደረገ ክፉ ነገር የተደበቃት ይመስላታል።

አሁን ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ኦይታና ለሊሴ ናቸው። ለሊሴ ከወለጋ የመጣች የውሃ ኢንስቲትዩት ተማሪ ናት፣ ከጎናቸው ያለችውን ክፍል ተከራይታለች። አጥር ሥር ቆመው ያወራሉ፤ ጌጤ ብቅ ስትል ወሬው ስለ ዝናብ ይሆናል።

ለሊሴ ልጁንም አትተወውም። ታቅፈዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ከጀርባው ዞራ ታጨበጭባለች። «ካሌብዬ! ካሌቤ!» ትላለች። ካሌብ ዞሮ አያያትም።

«ደግ አደረገ» ትላለች ጌጤ በሆዷ። «ልጄም ጠልቷታል።»

የኦይታም ጠባይ ተበላሽቷል። ሐሙስ ዕለት ትልቁን የብሎን መፍቻ ከልጁ ኋላ ሲሚንቶ ላይ ወረወረው። ጌጤ ክው አለች። ኦይታ ግን ልጁን አፍጥጦ አይቶት፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። የገዛ ልጁን እንዲህ የሚያይ አባት ልቡ ሌላ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ዓርብ ሸሚዙን ልታጥብ ስትል ኪሱ ውስጥ ወረቀት አገኘች። መሠረተ ትምህርት ያስተማራትን ያህል ፊደል ቆጠረች። ለ-ሊ-ሴ። አዲስ አበባ። ሰኞ 3 ሰዓት። የቀረው የፈረንጅ ፊደል ነበር። ወረቀቱን ወደ ኪሱ መልሳ፣ ሸሚዙን ሳታጥበው ሰቀለችው።

ቅዳሜ ኤሌክትሪሺያኑ ዳልጮ ሥራውን ሊጨርስ መጣ።

«የካሌብ እናት፣ ይቺ መኪና በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንቱ እያልኩ ነው የምፈታት።»

አምፖሎቹን ለወጠ፣ ዲናሞውን ለወጠ፣ አዲሱን ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር አሰረ። ጌጤ የተኛ ልጇን አዝላ ብሎን ታቀብለዋለች። ክላክሱን ሲሞክረው ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ።

«ይሄ ጣሳ የሚመስለውስ?» አለች።

«ቦቢና ነው። ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከሱ ነው። አሮጌው ባለ ስድስት ነበር፣ ይኸው ባለ አሥራ ሁለት ገባ።»

«አሮጌው ቢቀርስ?»

«ትነሳልሻለች፣ ምንም አትልም። መንገድ ላይ ሲሞቅ ግን ተቃጥሎ በረሃ ያስቀርሻል። ሰካራም ባል በይው፤ ሠርግ ቤት ይጨፍራል፣ መመለሻ እግር የለውም።»

ጌጤ ሳቀች። ሳቁ አፏ ላይ ደረቀ።

ዳልጮ ዓሣ ሊበላ ሄደ። ኦይታ ቤተ ክርስቲያን ነበር። መፍቻው መሬት ላይ ነው፣ አሮጌው ቦቢና ካርቶን ውስጥ ነው። ላያቸው ላይ የተጻፈውን 6 እና 12 ለመለየት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ሁለት ብሎን፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ አንድ ወፍራም። አዲሱን ፈትታ አሮጌውን አሰረች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። አዲሱን ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።

«ጌታ ሆይ፣ ቤቴን አታፍርስብኝ። ብቻ ከሷ ጋር አይድረስ።»

ዳልጮ ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር ቮልሷ በአንዴ ተነሳች።

እሑድ ሳይነጋ ኦይታ ቀሰቀሳት። «ተነሺ። የራስሽንም የካሌብንም ልብስ ያዢ፤ በእናትሽ ደጅ ነው የምናልፈው።»

ጌጤ ገባት። ሚስት ወደ እናቷ ቤት የምትመለሰው እንዲህ ነው፤ ልብሷን ቋጥራ፣ ልጇን አዝላ፣ በማለዳ። ልብሱን ቋጠረች።

ለሊሴ ደጅ ቆማ ነበር። ለኦይታ ፖስታ ሰጠችው። ካሌብን ግንባሩን ሳመችው፣ ዓይኗን ጠረገች። መኪናዋ ውስጥ ግን አልገባችም።

«ተንኮለኛ» አለች ጌጤ በሆዷ። «ነገ በአውቶቡስ ልትከተለው ነው።»

የጠዋቱ አውቶቡስ ቀድሟቸው አልፏል። ላንቴን አለፉ። አባያ በቀኛቸው ደፍርሶ ተኝቷል። ጌጤ ሞተሩን ታዳምጣለች፣ ኦይታ መንገዱን ብቻ ያያል። ብርብር ሲደርሱ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ከሙዙ በላይ ታየ። የልብሷን ቋጠሮ ጨበጠች።

መኪናዋ አልቆመችም።

«እናቴ ጋ… አታወርደንም?»

«ስንመለስ እንገባለን። ሦስታችንም።»

ጌጤ ዞራ አየችው።

«ኦይታ፣ አቁም። መኪናዋን አቁማት!»

«ምን ሆንሽ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከኋላ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ።

ኦይታ ወርዶ የኋላውን ክዳን ከፈተ፣ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። እሑድ ነው፤ ከፊትም ከኋላም አቧራ የሚያስነሳ መኪና የለም። ተመልሶ በሩን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

«ካሌብ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ ጌጤ» አለ። «መጀመሪያ ያወቀችውም ቀጠሮ ያስያዘችልንም ለሊሴ ናት። ከውጭ የመጣው የጆሮ ሐኪም ነገ ማታ ወደ አገሩ ይመለሳል።»