የጅራኮ ሕግ

ይድነቃቸው አንድ ጊዜ ያየውን ገጽ አይረሳም። ሴሚስተሩን ሙሉ አንዲት የክፍል ጓደኛው ቤተ መጻሕፍት ተጎልታ የምታዘጋጀውን ማስታወሻ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ፣ ክፍል ውስጥ ቀድሟት እጁን ያወጣል። የተሳትፎ ማርኩም የእሱ ይሆናል። ስትቆጣው፣ "ምን ላድርግ እናቴ፣ ጭንቅላቴ ነው!" ብሎ ሳቀባት።

ስለ ማስታወስ ችሎታ በሚማሩበት ሳምንት አንድ ገጽ ጽፋ፣ ሆን ብላ ጠረጴዛው ላይ ተወችለት። "በፕሮፌሰር ጅራኮ ሕግ መሠረት፣ ብልህ ሰው አጥብቆ የሚያስታውሰው ያጠናውን ሳይሆን የደረሰበትን በደል ነው።" ጅራኮ የሚባል ምሁር የለም። ስሙ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ "ኮራጅ" ይላል።

በማግስቱ ይድነቃቸው ክፍል ውስጥ ገጹን ቃል በቃል ወረደው።

"የጅራኮን መጽሐፍ አንብበኸዋል?" አሉት መምህሩ።

"ሁለቴ፣ ዶክተር።"

ስሙን ገልብጣችሁ አንብቡት ልትል ተነሳች። መምህሩ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በደስታ ፈገግ አሉ።

"ጎበዝ! ጅራኮን የሚያውቅ ተማሪ ካገኘሁ ስንት ዘመኔ! እኔ እንኳ አንድ ጉባኤ ላይ አግኝቼው ብዙ ተጨዋውተናል። ጻፉት፣ ፈተና ላይ ይመጣል። አንቺስ፣ ምን ልትዪ ነው የተነሳሽው?"

"ምንም፣ ዶክተር።" ተቀመጠች።

እንዳሉትም መጣ። እሷ ሕጉን ልክ እንደፈጠረችው አድርጋ ጻፈች።

ወረቀቱ ሲመለስ ይድነቃቸው አሥር ከአሥር አገኘ። የእሷ አምስት ነበር፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ "ጅራኮን በደንብ አልተረዳሽውም።"