የአሬራው ማሰሮ

ማዓቲ ዱላውን አግድም ይዞ በጎረቤቱ በጂላሊ በጎች ፊት ቆመ። ገብስ ከታጨደ በኋላ ማሳ የመንደሩ ሁሉ ግጦሽ ነው፤ ከአባቶቻቸው ጀምሮ እንዲህ ነበር። ማዓቲ ግን ዘንድሮ ሳያርስ ሊዘራ ቆርጧል። የተረፈው አገዳ አፈሩን ካልሸፈነለት፣ የሚጥለውን ጥቂት ዝናብ ፀሐይ ትጠጣበታለች።

“ለገለባ ብለህ ነው እኔን የምትከለክለኝ?” አለ ጂላሊ።

“መሬቱን ያልብስልኝ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ።”

“መሬቱን! ሚስትህ ከሞተች ወዲህ አንተ ራስህ የለበስከውን አይተኸዋል?”

ማዓቲ ሊስቅ ሞከረ፤ ጂላሊ ግን አልሳቀም። ለግጦሹ ብሎ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ይዞት የመጣውን የአሬራ ማሰሮ ድንበሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በጎቹን መለሰ። ማዓቲ ማሰሮውን ሲያይ ትንፋሹ መለስ አለለት። ባዶ ማሰሮ መመለስ ነውር ስለሆነ ሁልጊዜ ገብስ ሞልቶ ለእነ ጂላሊ ይወስድላቸውና እዚያው ለእራት ያስቀሩት ነበር። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚበላው ያን ማታ ብቻ ነበር።

“ነገ ማታ ይዤው እመጣለሁ!” ብሎ ጮኸ።

ጂላሊ ዞር እንኳ አላለም።

“ተወው፤ ማሰሮውን አትመልስልኝ” አለ።