ግራ እግር

የአልትራሳውንድ ባለሙያው የስኳር በሽተኛ ሲያይ ደሙ ይፈላል። እንደ እሱ አባባል፣ ሁሉም፣ ምግብ ሲያዩ ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው የደም ሥሮቻቸውን የደፈኑ ሆዳሞች ናቸው። ቀና ብሎም አያያቸውም፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው።

በደብዛዛው ክፍል ውስጥ የተኙትን አሮጊት ቀኝ እግር መርምሮ ጨረሰና፣ እጁን አንሶላው ሥር ሰዶ መመርመሪያውን በግራ በኩል አሳረፈ። የደሙ ድምፅ ሿ ሿ እያለ ክፍሉን ሞላው።

«ቀኙን በጣፋጭ ደፍነው ግራው እንዴት ተረፈልዎት፣ እማማ? የኮረዳ እግር ነው እኮ!» አለ እያላገጠ።

«ግራውን አምና ቆርጠውታል፣ ልጄ።»

አንሶላውን ገለጠው። መመርመሪያው ባዶ ፍራሽ ላይ ነበር። ድምፁ ግን አላቋረጠም።

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሱ በንቀት አዩት።

«እግሬን ያሳክከኛል ስላችሁ ስትስቁብኝ ከረማችሁ። በል፣ እጅህ እዚያው እያለ እከክልኝ።»