ኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ የታሰረችው ጊደር

ሙባሪክ የጊደሯን ገመድ መብራት እንጨቱ ላይ ቋጠረ፣ ጎትቶ ሞከረው፣ ከዚያ ልጁን ተከትሎ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ገባ። ጫማው የማሳውን ጭቃ እንደተሸከመ ነው። በሩ ላይ ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል የቤቱ ባለቤት ሳምሪ አየችው።

«ኧረ ይግቡ ጋሼ፤ መስጊድ አደረጉት እንዴ?»

ሳቅ አለና የሆነው ሆኖ አወለቀው።

ልጁ ዘይባ ወንበር ሳበችለት። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ የመጣችው ትናንት ማታ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ፣ «አባ አይዞህ፣ የበርበሬው በሽታ መድኃኒት አለው፤ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ» ያለችው እሷ ናት። ያን ቃል ይዞ ነው ዛሬ ጊደሯን እየጎተተ ቡታጅራ ገበያ የመጣው። ጊደሯ የመጀመሪያ ጥጃዋን በሆዷ ይዛለች፤ በቤቱ ከብት የምትባለውም እሷ ብቻ ናት። ግን በርበሬው ከዳነ ሌላ ይገዛል። የቀረው የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አጽፎ፣ ጊደሯን ሸጦ፣ ሱቅ መሄድ ነው።

«በሽተኛዋንም ይዣት መጥቻለሁ» አለና ከኮቱ ኪስ በፌስታል የጠቀለላትን አንድ እግር በርበሬ አወጣ። ከነሥሯ ነው የነቀላት። ቅጠሏ ገና አረንጓዴ ነው፤ አንገቷን ግን ደፍታለች። ሐኪም ፊት እንደሚያስተኟት ሕፃን፣ ኪቦርዱ አጠገብ ቀስ አድርጎ አጋደማት።

ዘይባ ጻፈች። ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ መጣ። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ልጅ ሆና ቁርአን ስትቀራም እንዲሁ ነበረች። ከዚያ ከንፈሯ ቆመ።

«አጣሽው?»

«አይ፣ አገኘሁት።»

«በይ ስሙን ጻፊልኝ።»

አልጻፈችም። ገጹን ወደ ታች፣ ወደ ታች ወሰደችው። ዘጋችውና ሌላ ከፈተች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሌላ ቦታ ልጠይቅ ብዬ ነው፣ አባ። የመጀመሪያው መፈለጊያ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያመጣው፤ ወሬውንም፣ ማስታወቂያውንም። ይሄኛው የተጠና ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ማን እንዳጠናው፣ የት አገር እንዳጠናው ይናገራል።»

ሙባሪክ ደስ አላለውም። በእነሱ ቀዬ ነገር ለአንድ ሽማግሌ ተሰጥቶ፣ ሽማግሌው መልስ ከሰጠ በኋላ ሌላ ሽማግሌ ደጅ መቆም ነውር ነው። የተናቀው ሰው ሰላምታ እስከ መንፈግ ይደርሳል። ሳምሪ እንዳትሰማ ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

«ዘይባ፣ ያኛው እኮ ጠይቀሽው መልሷል። በላዩ ላይ ሌላ ስትጠይቂ አይቀየምም?»

ልትስቅ ነበር። ፊቱን አየችና ተወችው።

«አይቀየምም፣ አባ። ከሰው ጋር አልኖረም።»

«ምስኪን» አለ ሙባሪክ።

ከውጭ ድምፅ ተሰማ። አንድ የከብት ደላላ የጊደሯን ወገብ እየዳበሰ፣ «የማን ናት ይቺ? ባለቤት የላትም?» ይላል። ሙባሪክ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቶሎ በያ፤ ገዢ መጥቷል።»

«አባ፣ ቁጭ በልልኝ።»

ድምፅዋ ቀጥኗል። ተቀመጠ።

«በስልክ የነገርኩህን የጻፈው መድኃኒቱን የሚሸጠው ሰውዬ ራሱ ነው። ስልክ ቁጥሩ ከታች አለ። ያን ቀን እስከ ታች አላነበብኩም፤ ከላይ ያገኘሁትን ነው የነገርኩህ። መምህራችን ጽሑፌን በዚሁ ነው የመለሰብኝ፣ ማን እንዳለው ሳታጣሪ አትጻፊ ብሎ። እኔ ደግሞ ለማርክ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጊደሯን ይዘህ...»

ሙባሪክ በርበሬዋን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ከዚያ፣ «ሁለተኛውስ ምን አለ?» አላት።

በርበሬዋን አነሳችና ሥሯን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ውስጡ ጠቁሯል።

«እንዲህ ከሆነ በሽታው አፈሩ ውስጥ ነው ይላሉ። የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ በተለያየ አገር፤ ቃላቸው ግን አንድ ነው። ቅጠል ላይ የሚረጭ አይደርስበትም። የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ የተኛውን ውሃ ማፋሰስ፣ ማሳው ላይ ለጥቂት ዓመት ሌላ እህል መዝራት። ለግብርና ባለሙያውም እናሳየዋለን። ግን ዘንድሮ...»

«በርበሬው ሄደ በይኛ።»

«ሄደ፣ አባ።»

አያት። ባለፈው ሳምንት በስልክ «አይዞህ» ስትል ድምፅዋ እንዴት ፈጥኖ እንደነበር ትዝ አለው። ይቺን «ሄደ» ግን ሁለት ቦታ ጠይቃ ነው ያመጣችው።

«ሻጭማ» አለ፣ የተንሸራተተ ሻሿን እያስተካከለላት፣ «በየትኛው ገበያ ነው ዕቃዬ አይሆንህም ብሎ የሚያውቀው? እኔስ ሚዛን እንዲያነሳ ያረጠብኩትን በርበሬ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? ነይ በቃ፣ ተነሺ።»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ደላላው አሁንም ጊደሯ ወገብ ላይ ነው።

«ስንት ይሏታል አባቴ?»

«አትሸጥም። ተመክሮባታል።»

«ማን መከረ?»

«ልጄ።»

ገመዱን ፈታ። ጠዋት በየመታጠፊያው እየቆመች ስታስለፋው የነበረችው ጊደር፣ አፍንጫዋን ወደ መጣችበት መልሳ መንገዱን ቀድማው ያዘች። ዘይባ የጠወለገችውን በርበሬ በፌስታሏ ጠቅልላ ስትደርስባቸው፣ ገመዱ በአባትዋና በጊደሯ መካከል ረግቦ መሬት ይነካ ነበር።