ርክክብ

«አማቴ እኮ፣» ይላል ረዳት አብራሪው፣ «‹አንተ በምታበርረው ከምሳፈር በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል› አለችኝ።»

ካፒቴኗ ከት ብላ ትስቃለች። በዕድሜ ስለሚበልጣት ጋሼ ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ አለቃ ይላታል። ከበረዷማው ደመና ገና መውጣታቸው ነው፤ ማረፊያው ከፊታቸው ወለል ብሎ ይታያል።

«በል ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ እኔ ልያዘው» ትልና አውሮፕላኑን በራሱ ሲያበርር የቆየውን አውቶፓይለት የሚያጠፋውን ቀይ ቁልፍ ትጫናለች።

መሪው ከእጇ ተመንጭቆ ወደፊት ይሄዳል።

የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቁልቁል ይደፋል። የሻይ ኩባያው ጣሪያውን መትቶ ይበተናል፤ ከበሩ ጀርባ ጩኸት፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ይሰማል። ማረፊያው የለም። መስታወቱን የሞላው መሬት ነው፦ የቤት ክዳን፣ መኪና፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ።

«ሳብ! ጋሼ፣ ሳበው!»

አራት እጅ መሪው ላይ ይረባረባል። ንቅንቅ አይልም። እሱ አንድ እጁን አላቅቆ የአፍንጫውን ሚዛን የሚያስተካክለውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል።

«እምቢ አለ! ደርቋል!»

«ተወው! በእጅህ ሳብ!»

እግራቸውን ተክለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይስባሉ። አፍንጫው እንደ ማመንታት ይልና ቀና ይላል። የተሰጣው ቀይ አንሶላ ከሆዳቸው ሥር ያልፋል።



«ሚዛን ማስተካከያው ደመናው ውስጥ ነው በረዶ ይዞት የደረቀው» ትላለች። «አፍንጫው ወደ ታች ሲጎትት አውቶፓይለቱ ነው ይዞ ያቆየው።»

«አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት እንኳ ሳይበራ?»

«ጭጭ ብሎ። እኛ አማትህን ስናማ።»

እሱ አይስቅም። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

ቢለቁት ተመልሶ ይደፋል፤ ስለዚህ መሪውን እንደሳቡ ይወርዳሉ። ጎማው መሬቱን ይመታል፣ ይነጥራል፣ እንደገና ይመታል። ፍሬኑ ሲጥ ይላል።

የሚያጨበጭብ የለም። ከኋላ አንድ ሰው ሳግ እየተናነቀው ያለቅሳል። አስተናጋጇ ከኋላ የምትደውልበት የውስጥ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል።

ማንም አያነሳውም። ሁለቱ፣ ዓይናቸው ፊት ለፊት እንደፈጠጠ፣ መሪውን ወደ ደረታቸው ይስባሉ። አውሮፕላኑ ግን ከቆመ ቆይቷል።