የኤርጫፎ መንጠቆ

ከክረምቱ ወዲህ ጫሞ ሐይቅ ዓሣ ነሣ። መረብ ባዶውን ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል።

የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ካሱ ምክንያቱን አውቄዋለሁ አለ። ኩልፎ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ይራባል። እዚያ መረብ እንዳይጣል ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው አስምለዋል። መሐላውን ያፈረሰ ሰው ጎሜ የሚሉት እርግማን አለበት። ጎሜ ደግሞ ባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ለአገር ይተርፋል።

እዚያ ቦታ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ኤርጫፎ።

ጠዋት ጠዋት ጀልባውን ይዞ ይወጣል። ገመድ ያወርዳል፣ ይጎትታል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ያወርዳል። ሲመለስ እጁ ባዶ ነው።

"ባዶ የሆነው እኛ ፊት ነው" አለ ካሱ። "ዓሣውን ሌላ ዳር አራግፎ ነው የሚመጣው።"

"ዓሣ መብላትም ትቷል እኮ" አለች ወደቡ ላይ ዓሣ የምትጠብሰው ዘርፈሽ። "ድሮ ከደጄ አይጠፋም ነበር። አሁን ሽታው ሲመጣበት መንገድ ይቀይራል።"

"ጠግቦ ነዋ!"

ሰዉ ሳቀ።

አንድ ቀን ካሱ የሽማግሌውን ጀልባ ፈተሸ። መረብ የለም። ያገኘው ረጅም ገመድና ባለ ሦስት ጥርስ ትልቅ መንጠቆ ነው። መንጠቆው ላይ የተሰካ ምግብ የለም።

"ይኼ ምን ይይዛል?"

"እስካሁን ምንም" አለ ኤርጫፎ።

"የሰመጠ መረብ መጎተቻ ነው በላ! ከላይ ምልክት ሳታደርግ ታሰምጠዋለህ፣ በዚህ ታወጣዋለህ። ልጅህ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ይቸበችብልሃል።"

ኤርጫፎ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ኤርጫፎ እንዳለው፣ ልጁ ሶፎንያስ ክረምቱ ሲገባ ከኦቾሎ ሸማኔዎች ጋር አዲስ አበባ ሄዷል። እናቱ በለጥሽ አኩርፋዋለች። ራት ባቀረበች ቁጥር ግን የእሱን ድርሻ በሳህን ከፍላ፣ ከድና ታስቀምጣለች፤ ድንገት ከመጣ ብላ።

"ሳይስመኝ ሄደ" ትላለች። "ጫማውን እንኳ ጥሎ። ስልኩም ዝግ ነው። እስቲ አንተ እንኳ ቆጣ በልልኝ!"

"እሺ" ይላል ኤርጫፎ።

ነገሩ ሽማግሌዎች በሚሸነጉበት አደባባይ፣ በዱቡሻ፣ እንዲታይ ተቀጠረ። ቀኑ ሲደርስ የካሱ አጎት አዲስ አበባ ላይ አረፉና ሸንጎው ተላለፈ። በዚያ ሰፈር ሰው ሳይቀበር ልቅሶ አይቀመጡም። ሬሳው የትውልድ አገራቸው ካምባ እስኪገባ ካሱ ዓይኑ ደርቆ ከረመ። አፈር ከለበሱ በኋላ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከቀብር መልስ ዱቡሻው ተሰበሰበ። ወንዶቹ ድንጋዩ ላይ፣ ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀመጡ። መክሊትም መጣች። የሐይቁን ወለል የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት፤ በገመድ በሚወርድ የብረት አፍ ጭቃ ታወጣለች። አንድ ባልዲ ቀይ ጭቃ ይዛ መሐል ቆመች።

"መረብ አይደለም" አለች። "ደጋው ታረሰ፣ ዝናብ አጠበው፣ ኩልፎ አመጣው። የቆሮሶው ጎድጓዳ ሁሉ ተደፍኗል። ቀንድ አውጣው፣ ትሉ፣ ወለሉ ላይ የሚኖረው ሁሉ ከሥር ቀርቷል። ይኼ እዚህ ብቻ አይደለም። የምድር ጫፍ ላይ የበረዶ ተራራ እየቀለጠ እንዲሁ ጭቃ ወደ ባሕር ያወርዳል። ባሕሩ ወለል ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት አሉ፤ ሮጠው አያመልጡም። ውሃ ሲስቡ ጭቃው ገብቶ ያንቃቸዋል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ተገንጥሎ የሚንሳፈፈው በረዶ ወለሉን እያረሰ ይጨፈልቀዋል።"

"አንቺ ልጅ" አለ ካሱ፣ "በረዶ ያየሽው የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ጭቃ መንጠቆ ይዞ ይሄዳል?"

ሳቁ። ከዚያ ሀብተሚካኤል፣ የሸንጎው ታላቅ፣ እጃቸውን አነሡና ጸጥ አለ።

"ኤርጫፎ፣ ምን እንደምትጎትት ተናገርና እንረፍ።"

ኤርጫፎ ወደ ሴቶቹ ተመለከተ። በለጥሽ ከፊት ተቀምጣ ነበር።

"ዝም ካልክ" አሉ ሀብተሚካኤል፣ "ከዕድር ትወጣለህ። ቤትህ ልቅሶ ቢገባ የሚደርስልህ የለም። ስትሞት የሚቆፍርልህ የለም።"

"ገብቶኛል" አለ ኤርጫፎ።

ሰዉም ጀርባውን እየሰጠው ተነሣ።

መክሊት ቁልቁለቱ ላይ ደረሰችበት። "አባባ፣ ምነው ዝም አሉ? እኔ እኮ ልረዳዎት ነበር።"

"ጭቃው ምን ያህል ይወርዳል ልጄ?"

"ብረቴ አሸዋውን አልነካም። በየዝናቡ ደግሞ ይጨምራል።"

"መንጠቆስ?"

"አይደርስም አባባ።"

"ከሥር ያለው ነገር አንድ ቀን ይወጣል?"

"በእኛ ዕድሜ አይወጣም። ተቀብሯል በቃ።"

"ተቀብሯል?"

"አዎ።"

ሽማግሌው ቆመ። ከዚያ መንጠቆውን ከገመዱ ፈትቶ ሰጣት። "ለሥራሽ ይሁንሽ" አላት።

ቤት ሲገባ በለጥሽ ራት አቅርባ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

"አዋረድከን። ሶፎንያስ ሲመጣ ምን ልንለው ነው?" አለችና የልጇን ሳህን ለመክደን እጇን ዘረጋች።

ኤርጫፎ እጇን ያዘ።

"ተይው በለጥሽ። ሶፎንያስ ሐይቁ ውስጥ ተቀብሯል፤ አሁን አልቅሺ።"