ሁለት ጣት

የማዕዘኑ ምሰሶ ከሥሩ በስብሶ ስለነበር፣ የሄስተር ቤት ግንባር ወደ መንገዱ አራት ጣት ያህል አዘንብሎ ነበር። ከላይ መኖሪያ፣ ከታች ዳቦ ቤት ነው። የሱቁ መስኮት መዝጊያ ወደ ውጭ ሲወርድ መሸጫ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ከተቀረቀረ ግን ሁለተኛ ክረምቱ ስለነበር ዳቦው በበር በኩል ሲሸጥ ከርሟል።

ቤቱን ሊያቃና የመጣው አናጢ ፐርሲ ከማዕዘኑ ሥር የተከለውን ማንሻ ክሪክ ባዞረ ቁጥር አሮጌው የኦክ እንጨት ያቃስታል። «ሄስተር፣ ቤትሽ ስካሩ ሊበርድለት ነው!» አለ ሥጋ ሻጩ ከማዶ። እሷ ግን መዳፏን መዝጊያው ላይ ለጥፋ እንጨቱን ታዳምጥ ነበር። ድንገት መዝጊያው ከእጇ ሥር ላላ።

«አቁም!»

«ገና ሁለት ጣት ይቀረዋል እኮ፣ እማማ። ጠማማ ትቶ ሄደ ብለው ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! አባቴ ይህን መዝጊያ የላገው ለዘመመ ቤት ነው። ቤቱን እንደ ወታደር ቀጥ ካደረግከው መዝጊያው ተመልሶ ይቀረቀራል። ያኔ ዳቦዬን ጭንቅላትህ ላይ ልደርድር?»

ፐርሲ ሳቁን ዋጠና አዲሱን ምሰሶ እዚያው ልክ ላይ አስገብቶ በእንጨት ችንካር አጠበቀው፤ ክሪኩንም አወረደ። ቤቱ አንዴ ተንፍሶ ጸጥ አለ። ሄስተር መወርወሪያውን ስትስበው መዝጊያው ምንም ሳይፋቅ ወረደ። ትኩስ ክብ ዳቦ መሃሉ ላይ አስቀምጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ሥጋ ሻጩን አየችው።

ቤቱም፣ አባቷ እንደተወው፣ ወደ መንገዱ ልክ ሁለት ጣት አዘንብሎ ቀረ።